በቀበና ውኃ ውስጥ የቀሩት ድንጋዮችሽ

አስካልዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንቺ ካለሽበት ሥፍራ መታመምም መራብም የለም ይላሉ። ስለዚህ የእኛን ልንገርሽ። ያ ክፉ ሳል ከእጃችን ከነጠቀሽ ወዲህ ክረምቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ተዝካርሽን እንደ አቅማችን አውጥተናል። እኔ ዛሬም ብራና እየፋቅሁ እጽፋለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ከአንድ ዳዊት በተረፈች ቁራጭ ላይ ነው፤ ጠርዟ ስለ ተበሳ ለመጽሐፍ አትሆንም፣ ለባልና ሚስት ወሬ ግን ትበቃለች።

አገሩ ተለውጧል። ንጉሡ ወደ ፍል ውኃው መውረድ ካበዙ ወዲህ እንጦጦ ላይ ሰፍሮ የነበረው ሰው ድንኳኑን እየነቀለ ቁልቁል ይጎርፋል። የካ ያለችው ጎጆአችን ግን እንዳለች ናት፤ ክዳኗን ባለፈው ጥቅምት አሳድሼዋለሁ። ጥዱን ለቤት መሥሪያ እየቆረጡ ስለ ጨረሱት ከደጃችን ሆኖ ወንዙ ይታያል። ብትኖሪ ኖሮ ውኃው ጠራ ደፈረሰ ለማለት ከመደቡ መነሣት አያስፈልግሽም ነበር። ልጃችን ዘነበች ቁመቷ እኔን ሊያህል ነው። ቁጣዋም ትዕግሥቷም የአንቺው ነው፤ ሁለቱ እንዴት በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው እንደሚኖሩ በአንቺም አልገባኝም፣ በእሷም አልገባኝም።

የጣና ዳር ልጅ ሆነሽ እኔን ተከትለሽ ወደዚህ ደጋ ስትመጪ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ውኃችሁ የት ነው ብለሽ ነበር። ቀበናን ባሳይሽ ሳቅሽብኝ፤ ይቺን ነው ወንዝ የምትሏት አልሽ። እንደዚያም ብለሽ አልተውሽውም። ዳር ዳሩን ስትወጪ ስትወርጂ ሰንብተሽ፣ ከገደሉ ሥር ውኃው ገባ ብሎ የሚተኛበትን፣ በሦስት ወገን ቋጥኝ የከበበውን ጥግ አገኘሽ። የአገሬን ዳር ይመስላል፣ ማነሱ ነው እንጂ አልሽና ከዚያ በኋላ ከዚያ ቋጥኝ ላይ ማን ያውርድሽ!

የውኃው ወለል አንድ ወጥ አልነበረም። እዚህ አሸዋ፣ እዚያ ጠጠር፣ ወዲያ ደግሞ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ። ሌላ ሰው ቢሆን መንጠቆው እንዳይያዝበት አሸዋው ላይ ይጥል ነበር። አንቺ ግን ዓሣ የሚውለው ድንጋይና አሸዋ በሚገናኙበት ነው፣ ከድንጋዩ ሥር ይደበቃል፣ ከአሸዋው ላይ ይበላል ትዪ ነበር፤ የምትጥዪውም እዚያው ላይ ነው። መንጠቆ ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ አንጥረኛው ከመርፌ ቆልምሞ እስኪሠራልሽ ስንት ቀን ደጅ ጠንተሻል!

ለዚህ ነው ያ ብልሃትሽ። መንጠቆውን ከፈረስ ጭራ በገመድሽው ጠንካራ ክር ታስሪዋለሽ። ወደ ታች የሚያሰምጠውን ድንጋይ ግን በስስ የቃጫ ፈትል ታንጠለጥዪዋለሽ፣ ሆን ብለሽ ደካማውን መርጠሽ። ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሲሰነቀር ትስቢያለሽ፤ ቃጫው ይበጠሳል፣ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፣ መንጠቆው ወደ እጅሽ ይመለሳል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባቴ ነው ያስተማረኝ ብትዪኝም እኔ ያደነቅሁት አንቺን ነው። ቀሚስሽን ወገብሽ ላይ ሸብ አድርገሽ፣ ክሩን በጣትሽ ይዘሽ፣ ያላየሽውን የውኃ ወለል ደጅሽን እንደምታውቂው አድርገሽ ስትነግሪኝ አጠገብሽ ተቀምጬ ዝም እል ነበር። እኔን ዝም ማሰኘት ደግሞ ቀላል እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ዓሣ ይበላሉ ብለው አፍንጫቸውን ይይዙብን የነበሩት ጎረቤቶችም በፍስክ በርበሬውን አብዝተሽ የላክሽላቸውን ወጥ ወጭቱን ጠርገው ነው የመለሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዘንድሮ በጋው በረታና ቀበና ከወትሮው ይልቅ ጎደለ። ከእኛ በታች የሚኖሩት አያ ወልዴ ጥጆች ሞቱባቸው። ምን ነካብኝ ብለው ዳሩን ሲያስሱ ከዚያ ጥግ ደረሱ፤ ስንጥቁ ውስጥ ፈትል የታሰረባቸው ድንጋዮች ተሰግስገው አገኙ። ገሚሶቹ የአንቺ፣ ገሚሶቹ አንቺ ካለፍሽ ወዲህ ዘነበች የተወቻቸው ናቸው። አያ ወልዴ ግን ዓሣ ማጥመድ የት ያውቃሉ? በፈትል የታሰረ ድንጋይ፣ ከዚያውም ከውኃ ሥር፣ ከዚያውም የደብተራ ሚስት ስትመላለስበት ከነበረ ቦታ! መተት ነው አሉ። እሱ ደገመበት፣ እሷ አሰጠመችው፣ የከብቶቻችንን ሆድ አሰረችው ተባለ። ደብተራ ሆኜ ድግምት አላውቅም ብል ማን ሊያምነኝ ነው?

በእኔ ቢቀር ግድ አልነበረኝም፤ ይህን ስም ለምጄዋለሁ። ያቃጠለኝ የአንቺ ነው። መልስ መስጠት የማትችይውን አንቺን መተተኛ ማለታቸው ነው። ዘነበች ከእኩዮቿ ጋር ምንጭ መውረድ ተወች። የአንቺ ስም ሲነሣ መሬት መሬት ማየት ጀመረች፤ ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

አንድ ጠዋት አያ ወልዴ ድንጋዮቹን በቅርጫት ይዘው፣ ሽማግሌዎች አስከትለው ከደጄ ቆሙ። የፈለጉት መተቱን እንድፈታላቸው ነው። ጥቂት ጸሎት አድርሼ ጠበል ብረጭላቸው መርቀውኝ ይሄዱ ነበር፤ ከጎረቤትም እታረቅ ነበር። ግን ያን ባደርግ መተተኛ ነበረች ብዬ በገዛ አፌ መመስከሬ ነው። አንድ ድንጋይ አነሣሁ፤ ቋጠሮው የአንቺ ይሁን የዘነበች መለየት አቃተኝ። እንቢ፣ የምፈታው ነገር የለም፣ ኑና እዩ ብዬ ወደ ወንዙ ይዣቸው ወረድሁ።

እንዴት እንደ ሆነ ላሳይ ብዬ ክሩን ብወረውር መንጠቆው ጥምጥሜን ይዞ ቁጭ አለ። እንዴት ትስቂብኝ እንደ ነበር! ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይኼኔ ዘነበች መጥታ መንጠቆውን ከራሴ ነቀለችና ቋጥኝሽ ላይ ወጣች። መንጠቆው ላይ ትል ሰክታ፣ ከአያ ወልዴ ቅርጫት አንድ ድንጋይ አንሥታ በቃጫ አሰረች፣ ድንጋይና አሸዋው ከሚገናኙበት ጣለችው። ተሰነቀረ። ክሩን ለአያ ወልዴ ሰጠቻቸውና ይሳቡት አለቻቸው። ሳቡ። ቃጫው ብጥስ ሲል እጃቸው ላይ ተሰማቸው፤ መንጠቆው ከነትሉ ብቅ አለ። መንጠቆውን በመዳፋቸው አድርገው ብዙ አዩት። ለዚህች መንጠቆ ብላ ነው እንዴ ድንጋዩን ትተወው የነበረው አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው በጋቢያቸው ጠረጉት። እሳቸውም እኮ ጥጆቻቸው ሞተውባቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ዘነበች እንደገና ጣለች፤ በዚያኛው ክንድ የሚያህል ዓሣ እየተወራጨ ወጣ፣ ሽማግሌዎቹም እንደ ልጅ ጮኹ።

ጩኸቱን ሰምቶ ከእንጦጦ የሚወርድ አንድ ወታደር መንገዱን ትቶ መጣ። ሴት ልጅ ከቋጥኝ ላይ ዓሣ ስታወጣ ሲያይ ገረመውና የማን ልጅ ነሽ ብሎ ጠየቃት። የማን ልጅ ነሽ የተባለ ሰው የአባቱን ስም እንደሚጠራ ታውቂያለሽ፤ እኔ አባቷም ጥምጥሜ ተፈትቶ አጠገቧ ቆሜአለሁ። እሷ ግን ቀና ብላ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ የአስካለ ልጅ ነኝ አለች።

ወታደሩ ወደ እኔ ዞሮ እርስዎስ አለኝ።

የአስካለ ባል ነኝ አልሁት። አስካልዬ፣ ካንቺ እስክደርስ ድረስ ማነህ ላለኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው።