የወይዘሮ አገርነሽ ወልደ ሐዋርያት ሕይወትና የፈረሰኛው ድርሻ

ወይዘሮ አገርነሽ ወልደ ሐዋርያት፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሩፋኤል፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ ካሤ በሐይቁ ዳር በዘጌ በ1922 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት፣ ዳዊትም የደገሙት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ወጥ መሥራትን ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው፤ ያም ትምህርት ከዳዊቱ የሚቀል አልነበረም። ዶሮው በዘጌ ሎሚ እየታሸ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ሳይቸኩሉ በራሱ ውኃ ይቁላላል። ዶሮው ከአሥራ ሁለት ይበለታል፤ እያንዳንዱም ብልት ባለቤት አለው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። እናታቸው “ብልት ያሳሳተች ሴት ሰው ታጣላለች” እያሉ አሳድገዋቸዋል።

በ1938 ዓ.ም. ከአቶ ቢያዝን አዘዘ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወይዘሮ ሸዋዬንና አቶ መርስዔ ኀዘንን ወለዱ። አቶ ቢያዝን በፋብሪካ መካኒክነት ሲቀጠሩ በ1954 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር መጥተው ፋሲሎ ሠፈር ቤት ሠሩ። ያ ቤት ከወለጋም ከሐረርም ለሥራ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሁሉ የሚበላበት ነበር። ወይዘሮ አገርነሽ እንግዳ ሲመጣ ወጡን በውኃ አያበዙም፤ የራሳቸውን ድርሻ ነበር የሚቀንሱ።

ከእነዚያ እንግዶች አንዱ ደመወዝ እስኪወጣለት ክረምቱን ሙሉ በዚያ ቤት የበላ፣ በኋላም የሚካኤል ማኅበራቸው አባል የሆነ ሰው ነው። ስሙ በዚህ ወረቀት እንዳይጻፍ ወይዘሮ አገርነሽ አልጋ ላይ ሳሉ ከልክለዋል። “ስም የሚነሣው ለሰው ነው” አሉ። ስለዚህ ጽሑፉ “ያ ሰው” እያለ ያልፈዋል። ማንነቱን መናገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል።

ማኅበሩ አሥራ ሁለት አባላት አሉት። በየወሩ በተራ ይደገሳል፤ ኅዳር ሚካኤል የእነ ወይዘሮ አገርነሽ ተራ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን ያ ሰው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሆኖ፣ ሽጉጡን ታጥቆ መጣ። አቶ ቢያዝን ወዳጅነቱን አክብረው የራሳቸውን ፈረሰኛ አንሥተው አጎረሱት። ቀጥለውም፣ በቤታቸው ነበሩና፣ “የሰው ልጅ መንገድ ላይ ተጥሎ እያየን እንዴት ወጡ ይወርድልናል?” አሉ። ያ ሰው እያላመጠ ሰማቸው።

በሳምንቱ አቶ ቢያዝን ተያዙ። አብሯቸው ታስሮ የተፈታ ሰው እንደተናገረው፣ የተጠየቁት ስለዚያችው ቃል ነበር፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለባትም። ከማዕዱ ከነበሩት መርማሪዎቹን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በጥር ወር ወይዘሮ አገርነሽ ያደረሱት ምሳ ዕቃ ሳይነካ ተመለሰላቸው፤ “ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ” ተባሉ። ሬሳ አልተሰጣቸውም። መቃብሩን የሚያሳያቸውም አላገኙ።

በዓመቱ ኅዳር ተራቸው ሲደርስ “ይቅርብሽ” ቢባሉም ደገሱ። ያ ሰው ቀን በስብሰባ ላይ ሃይማኖትን ሲያወግዝ ይውልና ከሚካኤል ጽዋ አይቀርም ነበር፤ ቢቀር ደግሞ የሠራውን ማመኑ ነበር። ወይዘሮ አገርነሽ ፈረሰኛውን በጭልፋ አውጥተው በፊቱ አኖሩለት።

“ይኸ የቢያዝን ድርሻ ነው። የት እንዳጋደምኸው ስትነግረኝ የራስህን ድርሻ እሰጥሃለሁ” አሉት።

ሰውየው ላቡ እየወረደ አላመጠ፤ ግን አልዋጠም። በየዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ኅዳር ሚካኤል ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል በፈረሰኛው ፈንታ የሽሮውን የመጀመሪያ ጭልፋ በዚያው ቃል ያቀርቡለት ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ እናትዓለም፣ የማኅበሩ አባል፣ “ጓድ፣ ዘንድሮም አልወርድ አለህ? ውኃ ላምጣልህ?” ይሉታል። የነፍስ አባታቸው አባ ተክለ ጊዮርጊስ ይቅር እንዲሉት ሲመክሯቸው የመለሱት ይህን ነው፦ “አባቴ፣ እኔ ደም አልጠየቅሁ። መቃብር ነው የጠየቅሁ።”

በዚህ ሁሉ ዓመት ልጃቸው ሸዋዬ እንቅልፍ አልነበራትም። አንድ ልጇ አምሐ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ነበርና ደጁ በተንኳኳ ቁጥር መጡበት ትል ነበር። “እማዬ፣ ይተዉት፤ ልጄን ያስበላኛል” እያለች ትለምናቸው ነበር። የፈራችው አልቀረም፤ በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት አምሐ ከመንገድ ተይዞ ተወሰደ። ያ ሰው ሸዋዬን አስጠርቶ፣ “እናትሽ ዘንድሮ ያችን ብልት ለሌላ ትስጥ። ልጁን እኔ አስቀረዋለሁ” አላት። ሸዋዬ ሄዳ የእናቷ እግር ላይ ወደቀች። ወይዘሮ አገርነሽም አንሥተዋት፣ “እሺ በዪው። ልጁ ግን አስቀድሞ ይምጣ” አሉ።

አምሐ በዋዜማው ከቤቱ ገባ። በበዓሉ ዕለት አያቱ ከአቶ ቢያዝን ቦታ አስቀመጡትና ፈረሰኛውን ለእሱ ሰጡት። ያ ሰው እፎይ አለ። የቀረውን ለየአባሉ አደሉ። ብልቱ አሥራ ሁለት፣ የተቀመጠው ግን አሥራ ሦስት ሰው ነበርና ያ ሰው ዘንድ ሲደርሱ በድስቱ ውስጥ ብልት አልቀረም።

“አንተማ ድርሻህን በልጁ ለውጠህ የለ?” አሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “እንጀራው አለልህ።”

“መረቁም ደግ ነው ጓድ፤ አጥንት የለበት፣ አያንቅህም” አሉ ወይዘሮ እናትዓለም።

ጽዋው ሳይዞር ተነሥቶ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ገብቶ ከመሶብ ሲቀርብ፣ የከበበው ሰው አንድ በአንድ “ጠገብሁ” እያለ ይነሣል። ማንም አልመታው፣ ማንም አልሰደበው። ባሕር ዳርን በሚያህል ከተማ አብሮት የሚቆርስ ሰው አጥቷል። ይህ የወይዘሮ አገርነሽ ሥራ ነው፤ በምስጋና እንዘግበዋለን።

ወይዘሮ አገርነሽ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በጨጓራ ሕመም ሲሠቃዩ ቆዩ። ሐኪም ቤትም ተኙ፣ ወንዛዬ ፍል ውኃም ተወሰዱ፤ አልተሻላቸውም። እህል እምቢ ባላቸው ሰሞን እንኳ የወጡን ሽታ ከመኝታቸው ሆነው እያሸተቱ “ሽንኩርቱ ቸኩሏል” ይሉ ነበር። በመጨረሻው ወር ያ ሰው ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠየቃቸው። “ቦታውን ልኳል?” አሉ። ሽማግሌዎቹ “አልላከም” አሉ። “እንግዲያው ብልቱን አላሳስትም” ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጥር 16 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሬሳቸውም ሐይቁን ተሻግሮ ዛሬ በተወለዱባት በዘጌ ይቀበራል። በኑዛዜያቸው መሠረት ከጎናቸው ለባለቤታቸው የሚሆን ቦታ ክፍት ተትቷል።

ወይዘሮ አገርነሽ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ኅዳር ሚካኤልን በተራቸው የምትደግስ ልጃቸው ሸዋዬ ናት። ፈሪ መሆኗን የሚያውቅ ሁሉ ይህንም ይወቅ፦ ጭልፋውን ተረክባለች፤ ብልቱንም አታሳስትም።

አርባቸው የካቲት 25 ቀን በፋሲሎው ቤታቸው ይወጣል። ላዘነም ለተራበም ማዕዱ ክፍት ነው። ያ ሰውም ይህ ሲነበብ ከሰው ኋላ ቆሞ ይሰማ እንደሆነ፣ ቦታውን ይዞ ይምጣ።

በቤታቸው የመጣውን ሁሉ ያበሉትን እናታችንን እግዚአብሔር በአብርሃም ማዕድ ያስቀምጥልን። ለዚያ ሰውም ዕድሜ ይስጠው፤ ፈረሰኛው ይቆየዋል።