ለማንም ያልተሰጠው ስም

ይድረስ ለልጄ ለሳሃት፣ ባሕር ላይ ላለኸው። እኔ እናትህ፣ አባትህና ሚስትህ ሮቱዋ በሐይቃችን ዳር በጤና አለን፤ ያንተን ጤና ጌታ ይጠብቅልን።

ሩዙ ታጭዷል። ሮቱዋም ወንድ ልጅ ወልዳልሃለች፤ አፍንጫው ቁርጥ ያንተ ነው። በዝናቡ ሰሞን ከመርከብህ ድርጅት አንድ ሰው መጥቶ ከአባትህ ጋር ደጅ ቆመው አወሩ። እኔ ዓሣ እያጸዳሁ ስለነበር አልሰማሁም፤ ከዚያም ወዲህ አልጠየቅሁም።

አባትህ ግን ልጁን በስምህ ካልሰየምኩት ብሎ ድርቅ አለ።

"ሳሃት ማለት 'ደረሰ' ማለት አይደል? ከሁለቱ አንዱ እንኳ ይድረስ" አለኝ።

"በሕይወት ያለ ሰው ስም ለሌላ አይሰጥም። ወጋችንን ረሳኸው?" አልኩት።

ፓስተራችንም ሊመክሩኝ መጡ። "እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ልጅ ያሰበው ነገር በስሙ ውስጥ አለ" አሉኝ።

"ለእኔስ ልጅ ሲያስብ የት እንዲደርስ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

እሁድ ጥምቀቱ ላይ ስሙ ሲጠየቅ፣ አባትህ አፉን ሳይከፍት ተነስቼ "ሃፖሳን" አልኩ፤ የታመነ ማለት ነው። ሮቱዋ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። አባትህ እስካሁን አያናግረኝም። ይተወኝ።

በል አባቴ፣ ሰላምታችን ካለህበት ያግኝህ። ብርድ እንዳይመታህ ደራርበህ ልበስ። ሰፈሩ እንደ ወጋችን በልጅ ልጄ ስም "የሃፖሳን አያት" እያለ ሊጠራኝ ጀምሯል፤ እኔ ግን አቤት አልልም።

የሳሃት እናት ነኝ።