መብረቅ ገበያ ወጣ

ደብረ ማርቆስ
መጋቢት ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለደመላሽ፣ ለእየሩስ አባት

እንዴት ከርመሃል? የአሶሳ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? እኛ ደህና ነን። ደስ ብሎናል ብልህም አትቆጣ፤ እውነቱ ይኸው ነው። እየሩስ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ታጠናለች፤ እኔም ወፍሬአለሁ ይሉኛል።

«ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ውሻውን እንደ ድሮው እሰሪልኝ» ብለህ በወንድምህ በጌቱ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። መልሱን በስልክ ልነግርህ አሰብሁና ተውሁት። ካንተ ጋር በስልክ አንድም ቀን ጨርሼ አውርቼ አላውቅም። ወረቀት ሲሆን ግን አታቋርጠኝም፤ ስለዚህ ቁጭ በልና አንብበኝ። ስለ መምጣትህ መጨረሻ ላይ እደርሳለሁ። መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርህ፤ መብረቅ ገበያ ወጣ!

አዎ፣ ያው መብረቅ። ቡችላ ሳለ «ጨለማ ውስጥ ታስሮ ያደገ ውሻ ይከፋል፣ ሌባ ድርሽ አይልም» ብለህ የማገዶ ቤት ውስጥ ያሰርኸው። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ አባትህም አድርገውታል። ከፋልህም። በደጃችን ውሻ ባለፈ፣ በግ ባለፈ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ገመዱን እስኪበጥስ ይወረወር ጀመር። ገመዱ አልበቃ ሲልህ ሽቦ ጠምዝዘህ አንገቱ ላይ አጠለቅህለት። ሲጎትት ይጠብቅበታል፣ ሲታነቅ ይማራል አልህ።

አንተ ከሄድህ በኋላ አንድ ቀን በጥሶ ወጣና የጎረቤታችንን የእስከዳርን ውሻ ይዞ ጣለው። እስከዳርም ላላቅቅ ስትል ወደቀች፤ ክንዷ ተላላጠ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ «መርዝ ይሰጠው» አለ። «እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጡኝ፣ ካልታረመ እኔው ራሴ አበላዋለሁ» ብዬ ለመንሁ። ቤት መልሼ አንገቱን ብዳብሰው፣ ሽቦው የለም! ሥጋው ውስጥ ገብቶ፣ ፀጉሩ ሸፍኖት ኖሯል። ለካ በበጋው ሁሉ በረንዳችን ላይ የሚሸተን እሱ ነው።

የእንስሳት ሐኪሟን አርሴማን ጠራኋት። ልጅ ናት ገና፤ እጇ ግን ልዝብ ነው። አደንዝዛ ሽቦውን አወጣችለትና እንዲህ አለችኝ፤

«እትዬ የብርጓል፣ ይሄ ውሻ ፈርቶ ነው የሚጮኸው። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱን ይቆርጠዋል። ሽቦው መሆኑን በምን ይወቅ? ያሳመመኝ ያ የሚያልፈው ነው ይላል።»

ይህን ስትለኝ እስከዳር ነበረች የታወሰችኝ። ስንት ዓመት ጠላኋት! እሷ ለወሬ ብቅ ባለችበት ማታ እኔ በእጅህ እንዴት እንደማድር ታውቀዋለህ። በነጋታው እኔ በሩን የምዘጋው በእሷ ላይ ነበር።

ወደ ወሬዬ ልመለስ። አርሴማ የሚያንቅ ነገር ከእንግዲህ አይነካውም አለች። አንገቱ ላይ ሰፊ ለስላሳ ቆዳ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ፤ መያዣው ገመድ ደግሞ ደረቱ ላይ በሚዞር ሌላ ቆዳ ይታሰር፣ ቢጎትትም ጉሮሮውን እንዳይነካው። ይህን ከየት ላምጣ? የበቅሎ ዕቃ ወደሚሰፉት ወደ ጋሽ እንዳላማው ሄድሁ።

«ለውሻ?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው።

«ለውሻ።»

«ኮርቻስ ልጨምርለት? ማን ሊቀመጥበት ነው?»

«እኔ ነኛ! ባሌ እንደሁ ባጃጅ አልገዛልኝ» ስላቸው ወስፌያቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። በደረቱ ዞሮ ከብብቱ ኋላ የሚቆለፍ አሳምረው ሰፉልኝ። አሁን በሰፈሩ ስናልፍ «ሙሽራዋ በቅሎ መጣች» ይሉናል።

ከዚያ ትምህርቱ ቀጠለ። ዱላ የለ፣ ጩኸት የለ። ሥራው ሌላውን ውሻ እያየ የማይጮህበትን ርቀት መፈለግ ነው። እዚያ ላይ ትቆማለህ፤ ልክ ሲያይ ሥጋ ታጎርሰዋለህ። ጆሮው ቆሞ ሰውነቱ ከተገተረ በጣም ቀርበሃል ማለት ነው፤ ሳትቆጣ ይዘኸው ዞረህ ትሄዳለህ። ሲለምድ ትንሽ ጠጋ ትላለህ። ሁዳዴ መሆኑ ነው ጣጣው! የክርስቲያኑ ልኳንዳ ሁሉ ተዘግቷል። ባሏ ሥጋ ቤት ያለው ረሺዳ አወጣችኝ፤ እነሱም ረመዳን ላይ ናቸው፣ ለማፍጠሪያ ግን ያርዳሉና ሳንባ እየቆራረጠች ትሰጠኝ ጀመር። በጾም ኪሴ ሥጋ ሥጋ እየሸተተ «የብርጓል ባሏ ሲሄድ ጾም ገደፈች» ተባልሁልህ። «የሚበላው እሱ፣ የሚታማው እኔ» ብዬ አለፍኋቸው።

ሌላውን ውሻ ይዛ ማን የቆመችልኝ ይመስልሃል? እስከዳር! ክንዷ ሳይሽር። በየማለዳው እሷ ከሜዳው ማዶ፣ እኔ ከዚህ።

«ልቅረብ?» ትላለች።

«ቆይ!»

«አሁንስ?»

«ቆይ አልሁሽ እኮ!»

«አንቺ፣ ጾመኛ ነኝ፣ እግሬ ዛለ! ውሻሽ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የምትፈሪኝ?»

ሁለታችንም ነበርን። ይህን ግን አልነገርኋትም፤ ብቻ እየሳቅን ቀረብን። ቅዳሜ ዕለት ጎን ለጎን ሆነን ገበያ ወጣን። በግ አለፈ፣ ባጃጅ አለፈ፣ አህያ አናፋ፤ መብረቅ ቀና ብሎ እኔን ያያል፣ ሳንባውን ይቀበላል፣ ይሄዳል። መርዝ ይሰጠው ያሉት ሁሉ አዩት፤ ነገሩም ቀረ። እኔ ከገበያ መሐል ቆሜ አለቀስሁ። ደስታ ነው ደመላሽ፣ እንዲህ ዓይነቱን ረስቼው ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

እሑድ ስትደውል እየሩስ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኑራው ነበር። «እናትሽ የት ነው የምትዞረው?» አልህ። ይኸው ነው ያልኸው። ያን ሁሉ ገበያ ያለፈው ውሻ ከተኛበት ተነሥቶ አልጋ ሥር ገባ፤ ሽንቱንም ለቀቀው። አንገቱ ከዳነ ሰንብቷል። እየሩስ ግን እሱን አላየችውም። እኔን ነበር የምታየኝ። እጄ አንገቴ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።

«ይህን ደግሞ እንዴት ላለማምደው?» ብዬ አርሴማን ጠየቅኋት።

«ሁሉንም ማልመድ የለበትም እኮ እትዬ» አለችኝ። «አንዳንዱን ማራቅ ይበቃል።»

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ለፋሲካ አትምጣ። ከፋሲካ በኋላም አትምጣ። ርቀቱን አግኝተነዋል፤ አሶሳ ነው። ከዚያው ሆነህ ለልጅህ ደውልላት፤ ማንሣት አለማንሣቱ የእሷ ነው። ሽማግሌ እልካለሁ ካልህም ላክ፤ ይህንኑ ለእነሱም እነግራቸዋለሁ። በሠርጋችን ቀን በቅሎዋ ስትደነግጥ፣ እንዳልወድቅ የያዘኝን እጅህን አልረሳሁትም። ያው እጅ መሆኑ ነው ዛሬም የሚቸግረኝ።

ሕማማቱን በደህና ያሳልፍህ፤ ትንሣኤውንም በጤና ያድርስህ። አጎበር ሳትዘረጋ አትተኛ፤ የዚያ አገር ወባ ክፉ ነው ይላሉ።

የእየሩስ እናት
የብርጓል

ሽቦውን በፌስታል ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ለጌቱ ሰጥቼዋለሁ። ያንተ ዕቃ ነውና ተቀበለው።