በስሜን ዞሮ መተማ፦ ለይለፍ ወረቀቱ ሹም የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ቀኛዝማች ዳኛው ሐብተ ማርያም
የይለፍ ወረቀት ሹም
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ራስዎ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም ማኅተሙን የምትጨብጠው ቀኝ እጅዎ ደኅና ናት? እግዚአብሔር ያጽናልኝ፤ እርሷ አንድ ቀን ብትታመም አገሬው ሁሉ ከየቤቱ ሳይወጣ ይቀራልና። እኔ በቀሐ በኩል ቀሚስና እጀ ጠባብ በመስፋት የምታወቀው እናኑ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ እግሮቼ ብቻ ተቀይመውኛል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከጋላባት ነው፤ ከመተማ ድንበር ወዲያ፣ ከእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ተቀምጬ። እዚህ እንዴት እንደ ደረስሁ ክቡርነትዎን ሊገርምዎ አይገባም፤ ያመጣኝ የክቡርነትዎ ወረቀት ነው። ነገር ግን ደብዳቤዬ ግልጽ ስለሆነና ሌላውም ሰው እንዲያነበው ስለምፈልግ፣ ነገሩን ከሥሩ ብጀምረው ይታገሡኛል ብዬ አምናለሁ። መታገሥን እኔም ከክቡርነትዎ ደጅ ተምሬዋለሁ።

ታላቅ እኅቴ ታየች በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጠላት ጎንደርን ሲይዝ ከባሏ ጋር ወደ ሱዳን ተሰደደች። ባሏ እዚያው ሞተ፤ እሷም ዐሥራ አንድ ዓመት በገዳሪፍ ለሰው እየፈጨች ኖረች። ባለፈው መስከረም ነጋዴዎች መልእክት አመጡልኝ፦ ከእነርሱ ጋር እስከ ድንበር ትመጣለች፤ ወረቀት ስለሌላት ግን ኬላው ላይ ቀርቦ እኅቴ ናት፣ ዋሷ እኔ ነኝ የሚል ዘመድ ካላገኘች አትገባም፤ ነጋዴዎቹም የሚጠብቁት እስከ ኅዳር ሚካኤል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይዘዋት ይመለሳሉ። ከእኔ በቀር ዘመድ የላትም። ከጎንደር በጭልጋ በኩል መተማ የስምንት ቀን መንገድ ነው። እኔም ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን ደጅዎ ቀርቤ የይለፍ ወረቀት ለመንሁ፤ ክቡርነትዎም በቸርነትዎ በሦስተኛው ቀን ሰጡኝ። ስሜ በሸጋ ቀይ ቀለም ተጽፎ ባይ ጊዜ ደስታው አሰከረኝና የቀረውን ሳላነበው በጉያዬ አስገባሁት። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ በክቡርነትዎ የማላላክከው አንድ ጥፋት ቢኖር ይኸው ነው።

መንገድ አብሮኝ የወጣው ጎረቤቴ አያ ዐብዱረሕማን ነው፤ በመተማ መንገድ ሠላሳ ዓመት የነገደ፣ የራሱ የንግድ ፈቃድ ያለው፣ አንዴ ከጀመረ ወሬ የማያቆም ሰው። አዘዞ ኬላ ስንደርስ ዘበኛው ወረቀቴን ተቀብሎ ፊደል በፊደል ያነበው ጀመር፤ እኔም ያኔ ገና ሰማሁት። ለካ እንዲህ ይላል፦ "የውጭ አገር እንግዳዋ ወይዘሮ እናኑ ከአስተርጓሚያቸው ጋር በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፈው፣ የስሜንን ተራራ አይተው፣ በአርማጭሆ ወርደው በመተማ ይወጣሉ። በየደረሱበት ለዓይን የሚያምረውን ሁሉ ሳታሳዩ እንዳትለቁ። ቋንቋችንን አያውቁምና በምልክት አነጋግሯቸው። በርበሬ አይችሉምና አትስጧቸው።" ዘበኛው የቀረውን ለማንበብ ዓይኑ ስለ ደከመ እዚያ ላይ አቆመ። የጭልጋን መንገድ በጣቴ ባሳየው፣ ወረቀቱ ጭልጋ አይልም ብሎ መለሰኝ።

ተመልሰን ፊትዎ ስንቀርብ ጸሐፊዎ አንገቱን ደፋ። በዚያው ሰሞን ስሜንን ልትጎበኝ ለመጣች አንዲት ፈረንጅ የተጻፈውን ወረቀት ገልብጦ ስሙን ብቻ እንደ ለወጠ ለአያ ዐብዱረሕማን በጆሮው ነገረው። ክቡርነትዎ ግን አልደነገጡም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ማኅተሙን አዩና፣ "ማኅተም ያረፈበት ቃል አይፋቅም። ደግሞስ ምን ጎደለብሽ? አገርሽን አይተሽ ትሄጃለሽ" አሉኝ። ሌላ ይጻፍልኝ ብዬ ብለምን፣ ለአንድ ሰው በዓመት ከአንድ በላይ አይሰጥም ተባልሁ። እንግዲህ ወደ ምዕራብ መሄድ የነበረብኝ ሴትዮ ፊቴን ወደ ሰሜን አዙሬ ተነሣሁ። ስላየሁት መልካም ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. አምባ ጊዮርጊስ ላይ ስላደረጉልኝ። ጭቃ ሹሙ ወረቀቱን ሲቀበል ከመቀመጫው ተነሥቶ ማኅተሙን ተሳለመው። ከዚያ ግን ነገር መጣ፤ በመንደሩ ለዓይን የሚያምረው ምንድን ነው በሚለው ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። ግማሹ ምንጩ ነው አለ፤ ግማሹ ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ነው አለ። አንድ ቀን ሙሉ ተሟገቱና ማንም እንዳይከፋ ሁለቱንም እንድናይ ተፈረደ። ምንጩን ሳይ የጉብታው ወገኖች ፊቴን ይመለከቱ ስለነበር አድናቆቴን እንዳላበዛው ተጠነቀቅሁ። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ጊደሯን እየጎተተች መጥታ፣ ይችስ ምን ይወጣላታል ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነበር፤ ጊደሯ ከሁሉም ታምር ነበር።

፪ኛ. አፌን የፈታሁበትን አማርኛ በሰው ሁሉ ፊት ስለ ነጠቁኝ። የዳባቱ ሹም አቶ በላቸው እጅግ ትሑት ሰው ነው፤ ወረቀቱን እንዳነበበ አፉን በጣቱ እያሳየ፣ ሆዱን እየደባበሰ፣ ርቦኝ እንደሆነ በምልክት ጠየቀኝ። እኔም፣ ጌታዬ፣ የጎንደር ሰው ነኝ፣ እኅቴ ድንበር ላይ ትጠብቀኛለች፣ እባክዎ ልሂድበት ብዬ ለመንሁት። ወደ አያ ዐብዱረሕማን ዞሮ ምን አሉ አለው። አያ ዐብዱረሕማንም፣ የሥራውን ይስጠውና፣ የእኔኑ አማርኛ በአማርኛ ተረጎመለት። በዚያ ላይ፣ እንግዳዋ አገራችሁን እጅግ ወደውታል፣ አስተርጓሚያቸው ማር ቢቀርብለት ደግሞ ይበልጥ ይወዱታል ብሎ ከራሱ ጨመረበት። ማሩ ቀረበ። አቶ በላቸው በአጭር ጊዜ ቋንቋውን እንዲህ ማቀላጠፌን አድንቆ፣ አነጋገሬ ብቻ ትንሽ እንደሚቀረው በትሕትና ነገረኝ።

፫ኛ. ሃያ አራት ቀን አልጫ በላሁ። አንዲት ደግ ሴት በጓዳ በኩል ቁንጥር በርበሬ ልታቀብለኝ ስትል ባሏ እጇን ያዛት፤ የማኅተም እንግዳ ገደልሽ ተብለሽ ልትታሰሪ ነው አላት። በዚህ ላይ የምጨምረው ቃል የለኝም፤ ክቡርነትዎም ጎንደሬ ነዎትና ይረዱኛል።

፬ኛ. ስለ በጎቹ። ዳባት የደረስነው ዓርብ ነበር። በጾም ቀን አይታረድ፣ የማኅተም እንግዳ ደግሞ ሽሮ አብልቶ አይሸኝ፤ ስለዚህ ቅዳሜን መጠበቅ ግድ ሆነ። ቅዳሜ በግ ታረደ፤ ሆኖም አያ ዐብዱረሕማን እስላም ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ ለእርሱ ሌላ በግ ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ በራሱ እጅ እስኪያርደው ፀሐይ ዘቀዘቀች። እሑድ ሰንበት ነው፤ ያውም ልደታ ናት፤ እንግዳ አይሸኝም። ሰኞ ማለዳ መንገድ ስጀምር አገሬው ሁሉ በእጁ ምልክት ደኅና ሁኚ አለኝ። ሰዎቹን አልወቅሳቸውም፤ ከልባቸው ነው ያስተናገዱኝ። ቢጠሉኝ ኖሮ ግን በጊዜ እደርስ ነበር።

፭ኛ. ስለ ስሜን ተራራ። ደባርቅ ላይ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወስደው አስቀመጡን፤ አገሩ ጉም ነበር። ወረቀቱ "አይተው" ስለሚል ሳናይ አንለቀቅም ተባለና ሁለት ቀን ተኩል ከጉሙ ጋር ተፋጥጠን ተቀመጥን። ያለቀስሁት እዚያ ነው። በጣቴ ስቈጥረው ለሚካኤል ስድስት ቀን ቀርቶታል። ታየች ድንበር ላይ ተቀምጣ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ታያለች፤ እኔ ጉም አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጉሙ ተገፈፈ። ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ብደብቅ ኃጢአት ይሆንብኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ከገደሉ በታች አገር አለ፣ ከዚያ አገር በታች ሌላ አገር አለ፣ ሁሉም ሰማያዊ ነው። ጭላዳዎቹ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ክቡርነትዎ ደጅ ጠኚዎች አንገታቸውን እየሰበቁ ይጠባበቃሉ። አያ ዐብዱረሕማን እንኳ የጀመረውን ወሬ አቋርጦ ወደ ገደሉ ተጠጋ። እኔ ግን ደስ ሲለኝ ይበልጥ ተናደድሁ፤ ደስታው የእኔ ሳይሆን የፈረንጇ ነበርና። ማየታችንን በወረቀቱ ጀርባ በጣት አሻራ አረጋግጠን ተለቀቅን።

፮ኛ. ስለ መተማ። አርማጭሆን በሩጫ ወረድነው፤ ሚካኤልን በረሃ ውስጥ ዋልሁት። ኬላው የደረስነው ኅዳር አሥራ ስድስት ቀን ነው። የኬላውን ሹም አቶ አላምረውን ስለ እኅቴ ጠየቅሁት። አንዲት ሴት ከወንዙ ማዶ ዛፍ ሥር ሁለት ሳምንት ተቀምጣ ነበር፣ ነጋዴዎቹ በአሥራ ሦስት ተመለሱ፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም አለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። አያ ዐብዱረሕማን ክንዴን ይዞ አነሣኝና ፊቴን ወደ ጎንደር መለስሁ።

አቶ አላምረው ወዴት ነው አለኝ። ወደ ቤቴ አልሁት። ወረቀቱን ገልጦ፣ "በመተማ ይወጣሉ" ይላል፤ እርስዎ ደግሞ ገና አልወጡም አለኝ። ብለምነው፣ ባለቅስ፣ አስተርጓሚዬም ቢተረጉምልኝ አልሆነም። ሁለት ዘበኛ አጅቦ በክብር ወንዙን አሻገረኝና እጅ ነሥቶ ተሰናበተኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋናዬ የምር ነው። ጋላባት ገብቼ ውኃ ልለምን ሐዲጃ ከምትባል ሴት ደጅ ብደርስ፣ አንዲት ከሲታ ሴት ማሽላ ታበጥራለች። ነጋዴዎቹ ሲመለሱ አልሄድም ብላ ቀርታ ኖሯል፤ ለእንጀራዋ ስትል ከሐዲጃ ቤት ሥራ ገብታለች። አላወቀችኝም። እናኑ ነኝ አልኋት። ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና፣ "ምነው ዘገየሽ?" አለችኝ።

ወረቀትዎን አውጥቼ አነበብሁላት። የአስተርጓሚው ነገር ላይ ፈገግ አለች፤ የበርበሬው ላይ ስደርስ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሐዲጃ ደንግጣ ከቤት ወጣች፤ ነገሩን ስንነግራት እሷም ተቀመጠች። ስንስቅ ዋልን፤ በመካከሉ ያለቀስነውንም ከሣቁ ጋር ቈጥረነዋል። ማኅተምዎ ገፍቶ ባያሻግረኝ ኖሮ ጎንደር ገብቼ የታየችን ተዝካር አወጣ ነበር። ስለዚህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ነገር ግን በጭልጋ መጥቼ ቢሆን ከዛፉ ሥር ተቀምጣ አገኛት እንደነበር ሳልጠቅስ አላልፍም።

በማግስቱ እኅቴን እጇን ይዤ ዋስ ልሆናት ወንዙ ዳር ቀረብሁ። አቶ አላምረው ግን፣ ወረቀቱ መውጣትዎን እንጂ መግባትዎን አይናገርም፤ የወጣ ሰው ደግሞ ያለ ዋስ አይገባም፤ ስለዚህ ለእርስዎም ዋስ ያስፈልጋል አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም አዝኖልን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እየመላለሰ ያነብልን ጀመር። ከግርጌው፣ ከፊርማዎ በላይ፣ የአዘዞው ዘበኛ ሳያነበው የተወውን፣ እኔን ጨምሮ ሌላውም ሁሉ ያለፈውን አንድ ደቃቅ መስመር አገኘ፦ "ለእንግዳዋና አብሯቸው ለሚገኘው ሰው ሁሉ ዋሱ እኔ ነኝ።"

የአቶ አላምረው ፊት እንዴት እንደ በራ ብነግርዎ። ወዲያው ትልቁን መዝገብ አውጥቶ፣ ለእናኑና ለታየች ዋስ፣ ቀኛዝማች ዳኛው ሐብተ ማርያም ብሎ በጥሩ ጽሕፈት አሰፈረ። እንግዲህ የሚቀረው ዋሱ በአካል ቀርቦ በመዝገቡ ላይ መፈረሙ ብቻ ነው። የኬላው ደንብ ሠላሳ ቀን ይሰጣል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ አያ ዐብዱረሕማን ነው፤ የንግድ ፈቃዱ እርሱን ከሁለቱም ወገን ያሳልፈዋልና። የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ፣ ለማን እንደ ተጻፈ እንዳይሳሳት በየደረሰበት ገበያ ለተማረ ሰው እየሰጠ ድምፅ ከፍ አድርጎ እንዲያስነብበው አደራ ብዬዋለሁ። ክቡርነትዎ ዘንድ ሲደርስ ጥቂት ቢያረጅ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በማኅተምዎ ከአገሯ የወጣች፣ በማኅተምዎ እኅቷን ያገኘች፣ በፊርማዎ የምትገባበትን ቀን ወንዝ ዳር ተቀምጣ የምትጠባበቅ፣ ለመምጣትዎ ከልቧ የምትጸልይ፣

እናኑ
ጋላባት፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ አላጣድፍዎትም፤ ታየች ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች፣ እኔም ከእሷ ጋር እስከሆንሁ ድረስ መጠበቁ አይከብደኝም። አቶ አላምረው ግን ለሠላሳ አንደኛው ቀን ከአሁኑ ሁለት ዘበኛ መድቧል። ዋሱ በፈቃዱ ከመጣ በበቅሎ ይመጣል፤ እኛ ካመጣነው ግን በእግሩ ነው ብሎኛል።