ከካርቶን የተሠራው ሱቅ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የቡታጅራ አየር ተስማማዎት? ደም ግፊትዎስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ከሆነ ድምፄን ሰምተው «ሱሀይር፣ ምን ሆነሻል?» ስለሚሉኝ በወረቀት ጻፍኩልዎ።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ መርካቶን ከካርቶን ሠሩ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ታፔላ ጻፉ፣ በሒሳብ ደግሞ ሱቃቸውን ከፍተው ተገበያዩ። አንዱ ዋጋ ቀንስ ሲሉት «ወላሂ አያዋጣኝም» ብሎ ሲምል ሳቄ አመለጠኝ። የእርስዎን ሱቅ የሠራሁት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሶቹን ከወንድሜ ከሙናዊር አሮጌ ካልሲ ቆርጬ እንደ እርስዎ አጣጥፌ ደረደርኳቸው።

ማሂራ የምትባል ተማሪ አለችኝ። አባቷን ያውቋቸዋል፤ ከሱቅዎ ጎን ጫማ የሚሸጡት ናቸው። እሷ በየሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ማድረግ ጀመረች። «ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ እኛ ተራ በሮቹ ላይ ሁሉ አለ እኮ» አለችኝ።

ቀዩ ቀለም አልቋል ብዬ ደበቅኩት። የእርስዎ በር ጋ ሳትደርስ ነው የደረስኩባት።

ከአረፋ በኋላ እመለሳለሁ ማለትዎን ሙናዊር ነገረኝ። ምን አስቸኮለዎት? እዚያው ትንሽ ይረፉ እንጂ። ለሱቁም አያስቡ። የልጆቹ ሥራ ለወላጆች ከታየ በኋላ ሱቅዎን ተሸክሜ ቤት አምጥቼ ቡፌው ላይ አስቀምጬዋለሁ። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በመጡ ጊዜ እሱን ያገኙታል።

ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ ሱሀይር