ከጎንህ ያለችው ቦታ

ይድረስ ከዱንያ ጣጣ ለተገላገልከው ለኔው ሰይድ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ልጆቹም በየሄዱበት ደህና ናቸው። ቤቱ ግን አንተ እንደምታውቀው አይደለም።

መካነ ሰላምን ብታያት አትለያትም። ከመናኸሪያው በላይ ገብስ ይዘራበት የነበረው ሜዳ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኗል። ከገጠር የገባው፣ ከአባይ ማዶ የተፈናቀለው፣ ልጁን ሊያስተምር የመጣው፣ ሁሉም እዚሁ ነው። ውሃ በፈረቃ ሆኗል፤ እሱም ቀኑን ይረሳል። እኔ በማስተምርበት ክፍል ለሦስት በተሠራ ዴስክ አምስት ልጆች ይቀመጣሉ፤ ዳር ያለው ግማሽ ሰውነቱ አየር ላይ ነው።

እህል ታስቀምጥበት የነበረውን መጋዘን በችፑድ ከፋፍዬ አከራየሁት። አትቆጣ። ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ በመምህር ደመወዝ የሚዘለቅ ኑሮ አይደለም። ያንን ሁሉ ሰው የሚያስተናግደው አንድ ሽንት ቤት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከውጭ ያለው ሲያስል ከውስጥ ያለው ያስላል። በሩ ክፍት አደረ ብለህ ታስጨንቀን የነበርከው ሰውዬ፣ ዛሬ የግቢያችን በር የሚዘጋበት ሰዓት የለውም።

ከተከራዮቹ አንዷ ዘሐራ ትባላለች። ከአባይ ማዶ ከሽማግሌ አባቷ ጋር የመጣች ናት። አባቷ የዚሁ የቦረና ሰው ነበሩ። በድርቁ ዘመን በሰፈራ ሄደው፣ እዚያው አርሰው፣ ወልደው ከብደው፣ በስተርጅና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በተወለዱበት አገር ተከራይ ሆኑ። ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳውን ተደግፈው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥሩ ነበር እንጂ ማንንም አላስቸገሩም።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ዘሐራ በሬን አንኳኳች። አላለቀሰችም። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ «አባቴ ሰው ቤት ሞተብኝ፤ አውፍ በይኝ» አለችኝ። ሰይድ፣ አባቷ የሞተባት ሴት ይቅርታ ጠየቀችኝ። ለካ ለማልቀስም የቤት ባለቤት ፈቃድ የሚያስፈልግ መስሏታል።

ለቀብሩ ወደ ሰፈሩ ዕድር፣ ወደ ቅሬው ላክሁ። በቅሬው ዳኝነት አንተን የተካው አሊ አቀርቅሮ መጣና የማውቀውን ነገረኝ፤ ተከራይ ቅሬ የለውም፣ ቅሬው አይቀብረውም። ደንቡ ያንተ ነው። አንድ ተከራይ የቅሬውን ድስትና አግዳሚ ወንበር ይዞ የጠፋ ጊዜ፣ የራሱ ቤት የሌለው አይግባ ብለህ ያስወሰንከው አንተ ነህ። ያኔ ተከራይ በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ተከራይ ነው፤ ቀባሪ የሌለው ሰፈር ሆነናል ማለት ነው። ይህን አንተም ብታይ ኖሮ ደንቡን የምታፈርሰው ራስህ ነበርክ፤ እንደዚያ ብዬ አምናለሁ።

እኔም ሬሳው የሚወጣው ከሰይድ ቤት ነው፣ ቤቴ የሞተ የቤቴ ሰው ነው አልኩት። አሊ ወጥቶ ጥሩምባ አስነፋ። እስላሙም ክርስቲያኑም ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ከመቃብሩ መልክተኛ መጣ። መቃብሩም እንደ ከተማው ሞልቷል። ቢፈልጉ ቢፈልጉ ያገኙት ከአንተ ጎን ያለችውን ቦታ ብቻ ነው። ለእኔ ብዬ ድንጋይ ያስደረደርኩባት መሆኗን አገር ስለሚያውቅ፣ ሳይጠይቁኝ መቆፈር ከበዳቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳሳሁላት። አንተ ስትሄድ ያጽናናኝ የሰው ቃል አልነበረም፤ ያቺ ቦታ ነበረች። ቤቱ ሲከብደኝ፣ ምንም ቢሆን አንድ ቀን ከጎኑ እተኛለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። ዘሐራ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ሬሳ ደግሞ አይቆይም።

ይቆፈር አልኩ።

ከዚያ ገብቼ በሬን ዘጋሁና አለቀስኩ። ስለ ሽማግሌው አልነበረም፤ ላንተና ለራሴ ነበር። ስወጣ ዘሐራ በሴቶች መሐል ተቀምጣ፣ ድምጿን አውጥታ አባቷን ስትጠራ አገኘኋት።

ቅሬው በሚቀጥለው ስብሰባ ተከራዮችን ስለ ማስገባት ሊነጋገር ነው። ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ፤ ቅር እንዳይልህ። እኔማ ቅር ብሎኛል። የት እንደምቀበር አላውቅም፤ ይሄ ያመኛል፣ ልዋሽህ አልችልም።

ሰደቃህ አይታጎልም። በሕይወት እስካለሁ ስምህ ከዱዓዬ አይጎድልም፤ አሁን የዘሐራን አባት ስምም ከስምህ ጋር አብሬ እጠራለሁ። አደራህን ሰይድ፣ ከጎንህ ያሉትን ሽማግሌ ተከራይ ናቸው ብለህ ፊት አትንሳቸው። ከቤትህ ነው የመጡት።

ባለቤትህ ከዲጃ