የቀዮቹ ነጥቦች ጣጣ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድም ጋሼ ኃይለመስቀል። ጤናህ እንዴት ነው? የጎዴ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? ቀኑን ሙሉ ግሬደር ላይ ስትውል ያ የወገብ ሕመምህ አልተነሳብህም? ንጹሕ ውኃስ ታገኛላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ኅዳር ገብቶም አልለቀቀንም፤ የቦንጋን ጭቃ መቼም አልነግርህም። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ግን ጠዋት ጠዋት አሁንም ያነክሳታል። ስልክህን ሦስት ቀን ሙሉ ሞክሬ አልገባ ሲለኝ ነው ይህን ጽፌ በድርጅታችሁ ሾፌር የላክሁልህ።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ ግን ሰሞኑን በቁሜ ተቃጥያለሁ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ከተማችን ጠዋት ሠራተኛ የሚያደርሱ ማታ የሚመልሱ ሁለት ሚኒባሶች ልታገኝ ነው። መስመራቸው ወይ ወደ ላይ ሠፈር ነው፣ ወይ እማዬ ወዳለችበት ወደ ማዶ ሠፈር፤ ለሁለቱም አይበቁም። በማዘጋጃ ቤታችን ሕዝቡ ራሱ አይቶ ሐሳብ ይስጥ ተባለና ሥራው ለኔ ተሰጠኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ፣ የቁጥር ሪፖርት ማንም አያነብም፣ በሥዕል አሳዩት ብሎ አስተማረን። እውነቴን ነው፣ ሐሳቡን ወደድኩት። ሁለት ወር ቤት ለቤት እየዞርኩ ማን የት እንደሚሠራ፣ በስንት ሰዓት ከቤቱ እንደሚወጣ መዘገብኩ። ከዚያ ከተማውን በትልቅ ወረቀት ሥዬ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቤቱ ላይ አንድ ነጥብ አደረግኩ። ማዶ ሠፈር ብቻውን መቶ አርባ ሦስት ነጥብ ወጣው። ቡና ለቃሚዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ እናታችን፣ ሁሉም አለ። ያንን ያየ ሰው ሚኒባሱ ወዴት መሄድ እንዳለበት አይጠፋውም። አንድ ሞኝነት ሠራሁ፤ ከሩቅ እንዲታይ ብዬ ነጥቦቹን ቀይ አደረግኳቸው።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መጀመሪያ በየሥራው ዓይነት እንደ ዳቦ የተቆራረጠ ክብ ሥዕል አሳየሁ። ባለሱቁ ጋሽ አብዱልቃድር ተነሥተው፣ የነጋዴው ቁራሽ እንዲህ ያነሰው ምነው፣ ቆራሹ ማነው ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ካርታው ሲሰቀል ግን ሳቁ ጠፋ። ሁሉም እየተጠጋ የራሱን ቤት ፈለገ፤ ቀይ ነጥብ ሲያገኝበት ሹልክ ብሎ ወጣ። ስለ ሚኒባሱ አንድም ሰው አስተያየት አልሰጠም። ለካስ እኔ ደንቆሮዋ የረሳሁትን ሰዉ አልረሳውም፤ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ ያ ቤት ሊፈርስ ነው።

ሰኞ ቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ጠበቀኝ። ሁሉም ነጥቤ ይነሳልኝ የሚል ማመልከቻ ይዟል። የመጋዘኑ ዘበኛ ከፈለኝ የደንብ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ሥራ የለውም የሚል ማኅተም ያለበት ማስረጃ አቀረበልኝ። ታዲያ የለበስከው ምንድን ነው ስለው፣ የተዋስኩት ነው አለኝ። አንዷ ደግሞ ማንሳት የማይቻል ከሆነ ለጎረቤቴ አዛውሪልኝ አለችኝ፤ ጎረቤቷ እኮ ከኋላዋ ቆማለች። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳሁ። ይህ የቤት ጉዳይ አይደለም፣ የመኪና ጉዳይ ነው አልኩ። ልክ ነሽ ልጄ፣ ብቻ የኔን አንሽልኝ ይሉኛል። ኃላፊያችን ጋ ገብቼ ብነግረው፣ ይህም የሕዝብ ተሳትፎ ነው፣ ተቀበያቸው ብሎኝ ወደ ስብሰባው ሄደ። እኔም በነጭ ቀለም ሳጠፋ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ማዶ ሠፈር ሠላሳ አንድ ነጥብ ቀረው። እንዲህ ከሆነ ሚኒባሶቹ ወደ ላይ ሠፈር ሊሄዱ ነው፤ ግማሹን ነዋሪ የመሥሪያ ቤት መኪና ወደሚያመላልሰው።

ሐሙስ ቀና ስል ከሰልፉ መሐል ማንን ባይ ጥሩ ነው? እማዬን። ዋዜማውን እኔ ቤት እራት በልታ ትንፍሽ አላለችም። አሁን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ ለወይዘሮ ጽጌ ብላ ያስጻፈችውን ማመልከቻ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እኔን ልጇን፣ ወይዘሮ ጽጌ።

ቤት ስንደርስ ተጨቃጨቅን። ጎህ ሳይቀድ ወጥተሽ በዚያ ጭቃ አንድ ሰዓት የምትሄጂው አንቺ፣ ክረምት ላይ ወድቀሽ ጉልበትሽን የተጎዳሽው አንቺ፣ ከማንም በፊት መኪና የሚያስፈልግሽ አንቺ፣ እንዴት ነጥቤን አጥፊ ትይኛለሽ አልኳት። እሷም ስትቆጣ እንደ ልማዷ ወደ ካፊኖኖ ቋንቋችን ገብታ፣ ድምጿን ግን ሳትጨምር፣ በ1992 መንገድ ቀያሾቹ ሲመጡ ወረቀቱን ያነበበችልኝ ማን ነበረች አለችኝ። እኔ ነበርኩ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ለመለካት ብቻ ነው፣ አትስጊ ብያት ነበር። ማድ ቤታችንና ግማሹ እንሰት በግሬደር ሲጠረግ አንተም ቆመህ አይተሃል። ቀጥላም፣ ካርታሽን ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ፣ ያንቺ ነጥብ የታለች አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ነጥብ ሳደርግ የራሴን ቤት ዘልዬዋለሁ። ባለቤቴ አስፋው ያስተምራል፣ እኔም እሠራለሁ፤ ሁለት ነጥብ ይገባን ነበር። ለቢሮ ቅርብ ስለሆንን ነው ልል አሰብኩ። ግን ውሸቴን ነው፤ ከኛም የቀረቡትን አድርጌአለሁ። ከጓሮ የቀጠልናት ክፍል ፈቃድ የላትም፤ እሷ እንዳትፈርስብን ፈርቼ ነው። አራት ቀን ሙሉ በሰው ላይ ስቆጣ የከረምኩት እኔ፣ ከሁሉም በፊት የራሴን አንስቼ ነበር ማለት ነው። ወንድም ጋሼ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ሰው ሳይገባ ሁለቱን ነጥቦች በዚያው ቀይ ቀለም ቤታችን ላይ አደረግኩ። እማዬን ከሥራ ስትወጣ ጠርቼ አሳየኋት። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀለሙ መድረቁን አየች። ከዚያም፣ የኔንም መልሺው፣ ግን ቤቱ ከአባታችሁ ሞት ወዲህ በኃይለመስቀል ስም ነው፣ እሱ እሺ ሳይል አይሆንም አለችኝ። እሷ ከመለሰች ማዶ ሠፈርም ይመለሳል፤ ጎረቤቶቿ ምን ያህል እንደሚሰሟት አንተም ታውቃለህ።

ውሳኔው ኅዳር ሃያ ነው። እባክህ ከዚያ በፊት ኔትወርክ ያለበት ቦታ ውጣና በጋሽ አብዱልቃድር ሱቅ ስልክ ደውልላት። አባብላት አላልኩህም። ይህን ካርታ ነገ ሌላ ሰው ለሌላ ነገር አያውለውም ብዬ እኔም መማል አልችልም። ግሬደሩን የምትነዳው አንተ ነህ፤ ቤት ከመፍረሱ በፊት ምን ምን እንደሚመጣ ከኔ ይልቅ ታውቃለህ። የምታውቀውን ንገራትና ትወስን።

አስፋው በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ስለ ክፍሏ እንቅልፍ አጥቷል እንጂ ደህና ነው። ትንሿ በዛወርቅ አጎቴ ግመል ይዞልኝ ይምጣ ብላለች። ጋሽ አብዱልቃድርና ባለቤታቸው እትዬ ሙሚና ስለ ወገብህ ጠይቀዋል። ሥራ የለኝም ባዩ ከፈለኝም ከሥራ ቦታው ሰላምታውን ልኳል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ስጽፍ ስታየኝ ነበርና የኔንም ቃል ጨምሪበት አለችኝ። ጉንጭህን ትስማለች። ልጅቷ ነጥቧን የገዛ ቤቷ ላይ አድርጋለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከፈረሰም እንግዲህ አብረን ነው በይው ብላለች።

እህትህ ጽጌ
ቦንጋ፣ ኅዳር 6 ቀን 2002 ዓ.ም.